ዝገት ያልኩት ስንጥቅ

ይህን ነገር እስከዚህ ዓመት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ሩቡን ነው። «አባ፣ በሥራዬ ላይ ስንፍና ሠርቻለሁ» አልኳቸው፤ እሳቸውም ስንፍና የብዙ ሰው ፈተና መሆኑን ነግረውኝ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩና ቀለል ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ባልሠራሁት ኃጢአት ንስሐ ገብቼ የሠራሁትን ይዤው ተመለስኩ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ከመነሻው ብታውቁኝ ይሻላል።

ስንፍና ቢሆን በወደድኩ። እኔ ሰነፍ ሆኜ አላውቅም። የእኔ በሽታ ችኮላና ኩራት ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ውሸት።

ሥራዬ ብስክሌት መጠገን ነው። ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ አለችኝ። ድሮ እወዳደር ነበር፤ ነገር ግን እግር የተሰጠው ለገመቹ ነው። ገመቹ የሱሉልታ ልጅ ነው፣ በአንድ ክለብ አብረን ነበርን፣ ከወንድሜ አስበልጬ እወደው ነበር። እሱ ይጋልባል፣ እኔ የሚጋልበውን አበጅለታለሁ። «ብሬ ከነካው አይበላሽም» እያለ በየሄደበት ያወራልኝ ነበር። ይህን ወሬ እኔም አመንኩት። ችግሩ ከዚህ ነው የጀመረው ብል ደግሞ ጥፋቱን በእሱ ማላከክ ይሆንብኛል። አይደለም። የጀመረው ከእኔ ነው።

የገመቹ አባት ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ። በወጣትነታቸው እሳቸውም ተወዳዳሪ ነበሩ። የተወዳደሩባት ኮርሳ ብስክሌት እቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ነበር የምትኖረው። የጣሊያን ሥራ ናት፣ ቱቦዋ ቀጭን ብረት፣ መጋጠሚያዎቿ በናስ የተበየዱ። ኦቦ ቶሎሳ ብስክሌት ብለው አይጠሯትም፤ «ብረቱ» ነው የሚሏት። እንግዳ ሲመጣ ቀና ብለው ያዩዋታል፤ እንግዳው እስኪጠይቃቸው ይጠብቃሉ።

አንድ ዓመት ለክልል ቡድን የሚመረጡበት ውድድር መጣ። ገመቹን ያቺ ክለቡ የሰጠው ብስክሌት እንደ በሬ ከብዳዋለች፤ ሌሎቹ ደግሞ በሁለት ጣት የሚነሳ አዲስ ነገር ይዘው ሊመጡ ነው። ያኔ ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ወንበር ላይ ቆመው ብረቱን ከግድግዳ አወረዱት። እኔ እዚያው ነበርኩ። አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ለእኔ ሰጡኝ።

«ጎማውንም ማርሹንም ፍሬኑንም ቀይረው» አሉኝ። «ብረቱን ግን አታስጨንቀው። ቀስ ካሉት እሺ ይላል።»

«ምን ችግር አለው ኦቦ» አልኩ፤ «በሁለት ቀን አዲስ አድርጌ አመጣለሁ።»

በሁለት ቀን ያለኝ ማን ነው? ማንም። እኔው ነኝ የወሰንኩት። እንዲህ ያለ ብረት በእጄ ገብቶ አያውቅም፤ አዲስ ዕቃ ከአሮጌ ኮርሳ ጋር አጋጥሜ አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን አልቻልኩም።

አዲስ ዕቃ አሮጌ ብረት ላይ ለመግጠም የሞከረ ሰው ብቻ ነው የሚረዳኝ። አዲሱ ፍሬን ክንዱ አጭር ነው፤ ላስቲኩ ቸርኬውን ትቶ ጎማውን ይነክሳል። የፔዳሉ ማዞሪያ የሚገባበት ጥርስ ሌላ ልክ ነው፤ ወደ ግራ ሳዞረው ይገባና መሀል ላይ ይነክሳል፣ ወደ ቀኝ ሳዞረው ጭራሹን አይገባም። መርካቶ ሄጄ አሮጌ ለቃቅሜ መጣሁ። መሪው ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ይንቀጫቀጫል፤ ከለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጬ ጠቀለልኩለት። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። የሁለት ቀን ያልኩት ሥራ ሳምንት አልፎት፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ የሌላ ሰው ብስክሌት ተከምሮ፣ እኔ ከአንድ ብረት ጋር እየተጣላሁ ነው። ገመቹ ይደውላል። «ደረሰ?» «ደርሷል፣ ነገ ና።» ነገ ይመጣና አልደረሰም። አንድም ቀን «አልቻልኩም» አላልኩትም።

መጨረሻ ላይ የኋላው ጎማ ቀረኝ። አዲሱ ጎማ ማርሹ ብዙ ስለሆነ ወገቡ ሰፊ ነው፤ ብረቱ ደግሞ የተሠራው ለድሮ ጠባብ ጎማ ነው። ሁለቱ የኋላ ክንዶች መሀል የሚጎድለው የትንሽ ጣት ጥፍር የማታህል ስፋት ናት። እንዴት እንደሚሰፋ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ረጅም ቡሎን መሀል አስገብቶ፣ በዳዶ በትንሽ በትንሹ እየገፉ፣ ከፊት በክር እየለኩ፣ አሳርፎ እንደገና ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ትዕግሥት እንጂ ሌላ ምንም አይፈልግም። ትዕግሥት ደግሞ አልቆብኛል።

ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ ውድድሩ እሑድ ነው። ከጎኔ ከሚቆም ባለ ታክሲ ትንሽ ክሪክ ተዋስኩ። መኪና የሚነሳበት ክሪክ። በሁለቱ ክንዶች መሀል አስገባሁትና ማዞር ጀመርኩ። ለምን? ማን ላይ ነበር የተናደድኩት? ብረቱ ምን አደረገኝ? እየረገምኩት ነበር የማዞረው። አንዴ አዞርኩ፣ ዝም። ደገምኩ፣ ዝም። ከዚያ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ክሪኩን አወጣሁ። የቀኙ ክንድ ከጎማው መቀመጫ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አለ። ቀለም የተሰነጠቀ ይሆናል ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። ጥፍሬን አሳለፍኩበት። ጥፍሬ ያዘ። ስለዚህ «አላየሁም» ልል አልችልም። አይቻለሁ። ነክቻለሁ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ስልክ አንስቼ «ገመቹ፣ ሰበርኩት» ማለት። ሰበታ በናስ የሚበይድ ጎበዝ ሰው አውቅ ነበር፤ ውድድሩ ያልፍ ነበር እንጂ ብረቱ ይድን ነበር። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አስቤዋለሁ። አስቤ ስቱኮ አነሳሁ። ስንጥቁን ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቀለም ቀባሁበት። ቀለሙን ለማመሳሰል የወሰደብኝ ጊዜ ብረቱን በትዕግሥት ከማስፋት ብዙም አያንስም። ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ለመደበቅ ጊዜ ነበረኝ።

ቅዳሜ ገመቹ መጣ። በአንድ እጁ አነሳትና ሳቀ። «ብሬ፣ እጅህ ይባረክ» አለኝ። አሜን አልኩ።

እሑድ ከሱሉልታ ጫንጮ ደርሶ መልስ ነው መንገዱ። እኔ ከኋላ በሚከተለው ፒክአፕ ላይ ነበርኩ። ሲሄዱ ደህና ነበር፤ እንዲያውም ስንጥቁ ምንም አይደለም ማለት ጀምሬ ነበር። ሲመለሱ ገመቹ ከፊተኞቹ ጋር ነው። አንድ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማው ወደ ጎን ሲያዘነብል አየሁ። ከዚያ ብስክሌቷ ከሥሩ ታጠፈች፣ እሱም ተንሸራትቶ የመንገድ ዳር ቦዩ ድንጋይ ላይ አረፈ።

መኪናው ሳይቆም ዘልዬ ወረድኩ። ሮጥኩ። አሁን በምነግራችሁ ከሁሉም በላይ አፍርበታለሁ። የሮጥኩት ወደ ብስክሌቷ ነው። ገመቹ መንገዴ ላይ ነበር። እጁን ዘረጋልኝ። አይቼው አለፍኩ። የተሰበረውን ብረት አነሳሁ፤ የስብራቱ ፊት ላይ ስቱኮዬ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከቦዩ ጭቃ አፍሼ አሸሁበት፣ ነጩ ፈርፍሮ እስኪወጣ አሸሁት። ሌሎቹ ገመቹን ሲያነሱ እኔ ብረቱን ፒክአፑ ላይ በፊቱ ደፋሁት። ያዩኝ ሰዎች «ደንግጦ ነው፣ የሚያደርገውን አያውቅም» አሉ። አውቅ ነበር።

ጭኑ ተሰብሯል፣ ጉልበቱ ወጥቷል። በማግስቱ ኦቦ ቶሎሳ ከሆስፒታል ተመልሰው ብረቱን አሳየኝ አሉኝ። ግቢያቸው ውስጥ አቀረብኩላቸው። ዓይናቸው ያኔውኑ ሞራ ጀምሮታል፤ ስለዚህ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ጭቃው ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ሲዳስሱት ጣታቸው ላይ ቀረ።

«ዝገት ነው አይደል?» አሉኝ።

የጠየቁኝ እኔን ነው፣ አዋቂውን። ያኔ እንኳ መንገዱ ክፍት ነበር።

«አዎ ኦቦ፣ ዝገት ነው። ከውስጥ በልቶታል» አልኩ።

«ከውስጥ» የሚለውን ማን ጨምር አለኝ? እሳቸው የጠየቁት አንድ ቃል ነው፤ እኔ አስጊጬ መለስኩ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ነኛ እንግዲህ» አሉ። «ያ ግድግዳ በክረምት ያንጠባጥብ ነበር። እያወቅኩ ነው የሰቀልኩት።» አይዞዎት አልኳቸው። ትከሻቸውን ይዤ አይዞዎት አልኩ! ጥቂት ቆይቶ ብረቱን ማየት ስላልቻሉ ለቁራሌው ይሰጥ አሉ። ተሸክሜ በር ድረስ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ጆንያው ውስጥ ሲገባ ደስ አለኝ።

የገመቹ እግር ገጠመ፣ ግን አጠረ። ብስክሌት ላይ ዳግመኛ አልወጣም። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት አባቱን በኦሮምኛ እንዲህ አላቸው፦ «አባ፣ ለልጅህ የሰጠኸው ዝገት ነው።» እኔ ቡራዩ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ኦሮምኛ እንደ አማርኛ እሰማለሁ። ያልሰማሁ መስዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ገመቹ በዚያው ወጥቶ ሰበታ ገባ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠረ፣ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ሱሉልታ አልተመለሰም። ልጅቷን ክርስትና ያነሳቻት የእኔ ሚስት ናት። አያቷ አልነበሩም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? መልካም ሰው ሆንኩ። በየበዓሉ ለኦቦ ቶሎሳ ዶሮም ዘይትም ይዤ ሄድኩ። ጣሪያቸውን በራሴ እጅ አስተካከልኩላቸው፤ ያንን ግድግዳው ላይ የሚያንጠባጥበውን። ጎረቤቶቻቸው «እንዲህ ያለ ጓደኛ ከወንድም ይበልጣል» ሲሉኝ በትሕትና አንገቴን ደፋሁ። ሰዎች ያመሰግኑኛል፣ እኔ ደግሞ ባመሰገኑኝ ቁጥር ይበልጥ እናደድባቸዋለሁ። ለምን አይጠረጥሩኝም? ለምን አንዱ እንኳ «ቆይ፣ ይህን ብስክሌት የሠራው ማን ነበር?» አይልም? ጥፋተኛውን አለመፈለጋቸው አበሳጨኝ፤ ጥፋተኛው ግን ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ኦቦ ቶሎሳ ደውለው ና አሉኝ። ሄድኩ። ፀሐይ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። «አካም ጂርታ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው። እጄን ይዘው አልለቀቁኝም።

«ሽማግሌ ሁነኝ» አሉ። «ሳልሞት ልጄን ይቅርታ ልጠይቀው። አንተ ብረቱን አይተኸዋል። ከውስጥ ስለበላው ነው አባትህ ያላዩት በልልኝ። አንተን ያምንሃል።»

ያንን ያስጌጥኩትን ቃል ይዘው ሲኖሩበት ነው የከረሙት። ብቸኛ መከላከያቸው እሱ ነበር። እኔስ ምን አልኩ? ተንበርክኬ ነገርኳቸው? «እሺ ኦቦ» አልኩ። እንደገና እሺ አልኩ፤ ሽማግሌ ሆኜ ተነሳሁ።

ሰበታ የሄድኩት በምሳ ሰዓት ነው። ገመቹ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት አገኘኝ። የተላክሁበትን ተናገርኩ። አባትህ ደክመዋል አልኩ፣ ይቅርታ ሊጠይቁህ ይፈልጋሉ አልኩ፣ ዝገቱ ከውስጥ ነበር አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴ እሰማዋለሁ። ገመቹ ብርጭቆውን እያዞረ አዳመጠኝ። ዓይኑ ቀላ።

«እኔ እኮ ነኝ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ» አለ። «ብረት ይዝጋል፤ ሰው ምን ያድርግ? ያንን ቃል በተናገርኩ ማግስት ነው የቆጨኝ። እንዴት ብዬ ልመለስ ብዬ ነው እንጂ።» ከዚያ እጄን ያዘኝ። «አንተ ባትኖር ማን ያስታርቀን ነበር፣ ብሬ?»

ነገሩ አልቆ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ አልቆ ነበር። ዝም ብል አባትና ልጅ ይታረቃሉ፣ እኔ እመረቃለሁ፣ ብረቱ የለ፣ ምስክር የለ። እውነቱን መናገሬ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። መረረኝ። ያ «ብሬ» የሚለው ጥሪ፣ ያ እጄን የያዘበት እጅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከበደኝ። ባልመረረኝ ኖሮ እስከ መቃብር እይዘው ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ዝገት አልነበረም» አልኩት።

እጄን አልለቀቀም፤ ገና አልገባውም። ስለ ክሪኩ ነገርኩት። ስለ ስቱኮው ነገርኩት። እየተናገርኩ ሳለ እጁ ቀስ ብሎ ከእጄ ወጣ።

«ስንጥቁን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሳልወጣባት በፊት?»

«ዓርብ ዕለት።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ደስ ይለኝ ነበር። አልመታኝም። ከዚያ «ስወድቅ ያለፍከኝ ለዚህ ነበር?» አለ። ለካ እሱም አልረሳውም። ደንግጬ እንደሆነ ራሱን አሳምኖ ኖሯል፤ ለእኔ ሰበብ ሲፈልግልኝ ነው የኖረው። ለአባቱ ግን አልፈለገላቸውም፤ እንዳይፈልግላቸው ያደረግኩት እኔ ነኝ።

«ተነስ» አለኝ። «ሱሉልታ እንሄዳለን። በአፍህ ትነግረዋለህ።»

ለአለቃው ደውሎ ፈቃድ ጠየቀና ታክሲ ያዝን። ሲሳፈር እግሩ አስቸገረው፤ ልደግፈው እጄን ስሰድ «አትንካኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ። ከታክሲ ታክሲ እየቀየርን አዲስ አበባን አቋርጠን ወጣን። የእኔንም ሒሳብ የከፈለው እሱ ነው። ይህ ለምን እንደዚያ እንዳመመኝ እስካሁን አላውቅም።

ኦቦ ቶሎሳ እዚያው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ገመቹ ቀድሞኝ ገብቶ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። ደነገጡ። ራሱን ዳሰሱ፣ ጆሮውን ዳሰሱ፣ አወቁት። «ገመቹ ኮ» አሉ፤ የኔ ገመቹ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ትንሽ ቆይቶ ገመቹ ቀና ሳይል «ይህ ሰውዬ የሚነግርህ አለው» አላቸው። ብሬ አላለም። ይህ ሰውዬ።

ቆሜ ነገርኳቸው። ክሪኩን፣ ስንጥቁን፣ ስቱኮውን፣ ጭቃውን፣ አዎ ያልኩትን። ምንም አላስቀረሁም፣ ምክንያትም አልጨመርኩም። ስጨርስ ኦቦ ቶሎሳ ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ከውስጥ በልቶታል ያልከኝስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ሲከነክናቸው የኖረ ነገር ቦታውን እንዳገኘ ዓይነት ነው። እጃቸው ልጃቸው ራስ ላይ ነው፣ አላነሱትም።

«አሁን ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ እዋሻለሁ» አሉኝ። «ውሸት ደግሞ በዚህ ቤት በቃን። ጊዜ ስጠኝ። ብዙ እንደሌለኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ስጠኝ።»

ተቀመጥ ያለኝ የለም፤ መቀመጥም አይገባኝም። ወጣሁ። በሩን ስስበው ኦቦ ቶሎሳ ልጃቸውን በኦሮምኛ ሲጠይቁት ሰማሁ፦ «ልጅቷ እኔን ትመስላለች?» መልሱን አውቀው ነበር፤ አዎ፣ ግንባሯ የእሳቸው ነው። መመለስ ግን የእኔ አልነበረም።

እንግዲህ ይኸው። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ያጠፋሁት በእናንተ ላይ አይደለም፣ ይቅር ብትሉኝም ለእኔ ይቀልልኛል እንጂ የገመቹ እግር አይረዝምም። ወጣት ነበርኩ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ብረቱ አሮጌ ነበር የሚሉትን ሁሉ ሞክሬያቸዋለሁ፤ አንዱም አይቆምም። ሰበርኩት፣ አየሁት፣ ደበቅኩት፣ በሰው ላይ ጫንኩት። ኦቦ ቶሎሳ ጊዜ ጠይቀውኛል። እየሰጠኋቸው ነው። እስካሁን አልደወሉም፤ እኔም አልደወልኩም።